ባለ ሦስት ገጽታ ምስል ለኩላሊት ዕጢ ቀዶ ሕክምና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቀዶ ሕክምና የተቀጠረላቸው ሰዎችና አስታማሚዎቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ጀምረን ወደሚያከራክረው እየሄድን እንመልሳለን።

ባለ ሦስት ገጽታ ምስል ሌላ ምርመራ ነው? እንደገና ማሽን ውስጥ ልገባ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይገቡም። ሲቲ ስካን ሲነሱ ማሽኑ ሆድዎን በስሱ እየከፋፈለ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምስሎች ያነሳል። በተለምዶ ስሪዲ የምንለው ምስል እነዚያኑ በኮምፒውተር መልሶ በመደራረብ ይሠራል። ኩላሊቱ በአንድ ቀለም፣ ዕጢው በሌላ ይቀባል፤ ደም ቅዳው ቀይ፣ ደም መልሱ ሰማያዊ፣ የሽንት መውረጃው ቢጫ ይሆናል። ከዚያ ሐኪሙ በስክሪን ላይ እያዟዟረ፣ አንዱን ክፍል እየደበቀ ሌላውን እየገለጠ ያየዋል።

እንግዲህ ስሪዲው በሲቲው ላይ ያልነበረ ነገር አይጨምርም። ይህን ከወዲሁ ቢይዙት ጥሩ ነው፤ ከታች ካሉት መልሶች ብዙዎቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው።

ታዲያ ሐኪሙ ሲቲውን ብቻ አይቶ መሥራት አይችልም?

ይችላል፤ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ የኖረውም እንደዚያ ነው። ልምድ ያለው ዩሮሎጂስት (የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሐኪም) ምስሎቹን ወደ ላይና ወደ ታች እያንሸራተተ ኩላሊቱን በሐሳቡ ይገነባል። ዕጢው 2 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከኩላሊቱ ጠርዝ ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ ከሆነ ስሪዲ ለእንዲህ ዓይነቱ ሐኪም ብዙም አይጨምርለትም።

ስሪዲ የሚያስፈልገው ዕጢው ወደ ውስጥ ሲቀበር ነው። ያን ጊዜ ኩላሊቱ ከላይ ሲታይ ምንም ያልነካው ይመስላል። ውስጡ ደግሞ ውስብስብ ነው። የኩላሊት ደም ቅዳ ወደ ኩላሊቱ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ቅርንጫፍ ያወጣል፤ እያንዳንዱ የሚመግበው የራሱን ክፍል ብቻ ነው፤ አንዱ ቢቋረጥ ሌላው አይደርስለትም። በዚያ ላይ ከአራት ሰዎች አንዱ ገደማ ተጨማሪ የኩላሊት ደም ቅዳ አለው። ይህን ሁሉ ከጠፍጣፋ ምስል እያጠራቀሙ በሐሳብ መገንባት ሲኒየር ሐኪሙንም ያደክማል፤ በሥልጠና ላይ ያለውን ሬዚደንትማ አይጠይቁት።

በሪፖርትዎ ላይ ሬናል የሚባል ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ መለኪያ ሲሆን የዕጢውን ስፋት፣ ወደ ውስጥ የገባበትን መጠን፣ ከሽንት መሰብሰቢያው ያለውን ርቀትና ኩላሊቱ ላይ የተቀመጠበትን ቦታ ይደምራል። ውጤቱ ከ4 እስከ 12 ነው። 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ከሚባለው ውስጥ ነው፤ ስሪዲ መጠየቅም ያኔ ትርጉም አለው።

ስሪዲ ተሠራ ማለት ዕጢው ብቻ ወጥቶ ኩላሊቱ ይተርፋል ማለት ነው?

ይተርፋል ብሎ ቃል የሚሰጥ የለም፤ ይቻል እንደሆነ ለመመዘን ግን ይረዳል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ፣ በተለይ የቀዶ ሐኪሙ የሮብሰን ሥራ በ1969 ከታተመ በኋላ፣ የኩላሊት ካንሰር የተገኘበት ሰው ኩላሊቱ በሙሉ፣ ከነስቡ ይወጣለት ነበር። ዛሬ ከ4 ሴንቲ ሜትር ላልበለጠ ዕጢ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ የአውሮፓም የአሜሪካም የዩሮሎጂ መመሪያዎች የሚያስቀድሙት ዕጢውን ብቻ ማውጣትን ነው። ከ4 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ላለው ደግሞ የሚቻል ከሆነ ይሞከራል።

ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት፣ ክሬቲኒኑ (በደም ውስጥ የሚለካ የኩላሊት ሥራ ምልክት) ከፍ ያለ፣ ወይም አንድ ኩላሊት ብቻ ያለው ሰው ዘንድ ጉዳዩ የዲያሊሲስ፣ ማለትም ደምን በማሽን የማጣራት ጉዳይ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ግማሽ ኩላሊት ለማትረፍ ብዙ መልፋት ያዋጣል፤ ለእቅዱም ጊዜ መስጠት ተገቢ ነው።

ማንኛውም ሲቲ ይሆናል?

አይሆንም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚባክነው። ለጠጠር ተብሎ ያለ ኮንትራስት (የደም ሥሮችን አድምቆ የሚያሳይ፣ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት) የተነሳ ሲቲ ዕጢ መኖሩን ሊጠቁም ቢችልም የደም ሥሮቹን አይለይም። ለእቅድ የሚሆነው ሲቲ በተለያየ ሰዓት መነሳት አለበት፦ መጀመሪያ ያለ መድኃኒት፣ ቀጥሎ መድኃኒቱ በክንድ ከተሰጠ ከ30 ሰከንድ ገደማ በኋላ ደም ቅዳዎቹ ሲደምቁ፣ ከዚያ ወደ 100 ሰከንድ ሲጠጋ ኩላሊቱ እኩል በርቶ ዕጢው ሲለይ፣ በመጨረሻም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መድኃኒቱ ወደ ሽንት መውረጃው ሲወርድ። የደም ቅዳው ምስል ለጥቂት ሰከንዶች ካመለጠ ቀዩ ቀለም የሚቀባው ነገር የለም።

ዙሩ በበዛ ቁጥር ጨረሩም ስለሚጨምር አንዱ ዙር የሚዘለልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ማዘዣው ላይ ለኩላሊት ዕጢ ቀዶ ሕክምና እቅድ እንደሆነ ሐኪሙ በግልጽ ይጻፍልዎ። «የሆድ ሲቲ» ብቻ ተብሎ ከተላኩ ራዲዮግራፈሩ የሚያነሳው የተለመደውን ነው፤ እሱም አይፈረድበትም።

ኮንትራስቱ ያለችኝን ኩላሊት አይጎዳብኝም?

ኩላሊቱ ደህና የሚሠራ ሰው ላይ አደጋው ትንሽ ነው። ጥንቃቄው የሚጨምረው የማጣራት አቅሙ ከ30 በታች ለወረደ ሰው ነው፤ ይህ ቁጥር ከክሬቲኒን ስለሚሰላ የቅርብ ጊዜ የደም ውጤት ይዘው ይሂዱ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ከዚህ በፊት በኮንትራስት አሳክኮዎት ወይም ትንፋሽ አጥሮዎት ከነበረ መርፌው ሳይገባ ይናገሩ። ኮንትራስቱን መውሰድ የማይችል ሰው ኤምአርአይ ሊነሳ ይችላል፤ ከእሱም ስሪዲ ይሠራል፣ ቀጫጭን ደም ቅዳዎችን በማሳየት ግን ሲቲው ይበልጣል።

ፊልሙ በእጄ አለ፤ አይበቃም?

አይበቃም። ከዚህ ሁሉ አንድ መልስ ብቻ የሚያነብ ሰው ካለ ይህን ቢያነብ እመርጣለሁ።

ፊልሙ ላይ የሚታተሙት ከመቶዎቹ ምስሎች ተመርጠው ተራ በተራ የተደረደሩ ጥቂቶች ናቸው። ብርሃንና ጥቁረታቸው አንዴ ተወስኗል፤ በመካከላቸው የቀሩት ምስሎችም የሉም። ከእነሱ ስሪዲ መሥራት አይቻልም። አሜሪካ ወይም እስራኤል ላለ ዘመድ ለመላክ ፊልሙን ወደ መስኮት ወይም ወደ አምፖል ይዘው በስልክ ፎቶ ያነሱና በቴሌግራም ይልኩታል። የጣት ጥላ፣ የመስኮቱ ፍርግርግ፣ አንዳንዴም የጎረቤት ጣሪያ አብሮ ይታያል። ወዲያ ማዶ ያለው ሐኪም ከዚህ ላይ «አዎ፣ ዕጢ ይመስላል» ከማለት ሌላ የሚያደርገው የለም።

የሚፈለገው በሲዲ ወይም በፍላሽ የተቀዳው ዋናው ፋይል ነው፤ ዓይነቱ ዳይኮም ይባላል። ሲጠይቁ «ዳይኮሙን፣ ስሱን ቁርጥ ጨምራችሁ ስጡኝ» ይበሉ፤ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ የሳሳ ማለት ነው። ብዙ ቦታ ለንባብ የሚቀመጠው የ5 ሚሊ ሜትሩ ነው፤ ስሱ በማሽኑ ላይ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ለአዲስ ታካሚ ቦታ ለመልቀቅ ይጠፋል። ወር ቆይተው ቢመለሱ ላያገኙት ስለሚችሉ በተነሱበት ቀን ይውሰዱት። ቤት ሲደርሱ ኮምፒውተር ላይ ይክፈቱት፦ ሃያ ምስል ብቻ ካለው የተሰጠዎት የፊልሙ ቅጂ ነው፤ በመቶዎች ከሆነ ደህና ነው። ለሐኪም ሲልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ጠቅልለው ይላኩ። ስምዎና የልደት ቀንዎ ፋይሉ ውስጥ ስላለ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ አይጣሉት።

ሲቲው ከተነሳ ወራት አልፈውታል፤ አሁንም ያገለግላል?

እንደ ዕጢው ነው። ትንንሽ የኩላሊት ዕጢዎች በአማካይ በዓመት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድጉ የጥቂት ወራት ምስል አንዳንዴ በቂ ይሆናል። ዕጢው ወደ ኩላሊት ደም መልስ፣ አልፎም ወደ ትልቁ የሆድ ደም መልስ ገብቶ ከሆነ ግን አዲስ ምስል ያስፈልጋል። የመጨረሻ ጫፉ የት እንደደረሰ ካልታወቀ ሐኪሙ ደም መልሱን የት ላይ እንደሚይዝ አያውቅም።

ስሪዲውን የሚሠራው ማነው? ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ራዲዮሎጂስት፣ ሠልጥኖ የሚሠራ ኢንጂነር ወይም ቀዶ ሐኪሙ ራሱ። በእጅ ሲሠራ የእያንዳንዱን ክፍል ጠርዝ በየምስሉ እየተከተሉ መቀባት ነውና ሰዓታት ይወስዳል። አሁን አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የመጀመሪያውን ቅብ በደቂቃዎች ይሠራል። ለዚህ እመርታ የረዳው እ.ኤ.አ. በ2019 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የ300 ታካሚዎችን ሲቲ አሰናድተው ያካሄዱት ውድድር ነው፤ ከእነዚህ የ210ሩ ቅብ ለዓለም ሁሉ ክፍት ሆኗል። ያም ሆኖ ሰው ሳያርመው ወደ ቀዶ ክፍል መግባት የለበትም። ኮምፒውተሩ ውሃ የቋጠረ ከረጢትን ከዕጢ፣ የአንጀት እጥፋትን ከኩላሊት ጋር ቀላቅሎ ሊቀባ ይችላል።

በእጅ የሚያዘው የታተመ ሞዴል ከስክሪኑ ይሻላል?

ለታካሚ ለማስረዳት የሚያህለው የለም። የራስን ኩላሊት በእጅ ይዞ «ይህች ናት የምትወጣው» ሲባል፣ በአስተርጓሚ የሚነጋገር አረጋዊ እንኳ ወዲያው ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በኒው ኦርሊንስ የቱሌን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ለአምስት ታካሚዎች እንዲህ አድርገው አሳትመው፣ ለታካሚዎችም ለተማሪዎችም እንደጠቀመ ጽፈዋል።

ለቀዶ ሐኪሙ ግን ስክሪኑ ይበቃዋል ባይ ነኝ። የታተመው አይገለጥም፣ አይከደንም፤ ለመታተም ሰዓታት ይፈጃል፣ በፕላስቲኩ ዓይነትም በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያስወጣ ይችላል። አሜሪካ ያላችሁ፣ ለታተመ ሞዴል እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2019 ጀምሮ 0559ቲ የሚባል የሒሳብ ኮድ አለ። ጊዜያዊ ኮድ ስለሆነ ኢንሹራንሱ የመክፈል ግዴታ የለበትም፤ አስቀድማችሁ ደውሉ።

ቀዶ ክፍል ውስጥ ምን ይደረግበታል?

ዕጢው ሲቆረጥ እንዳይደማ የኩላሊቱ ደም ቅዳ በመቆንጠጫ ይያዛል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሰዓት ይቆጠራል፤ ኩላሊቱ ሳይቀዘቅዝ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ በላይ ያለ ደም ቢቆይ የመጎዳት ዕድሉ ይጨምራል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዕጢው መውጣት፣ የተከፈተ የሽንት መሰብሰቢያ ካለ መሰፋት፣ ቁስሉም መዘጋት አለበት። «ዕጢው የት ላይ ነበር?» እየተባለ የሚፈለግበት ሰዓት የለም።

ስሪዲው የትኛው ቅርንጫፍ ዕጢውን እንደሚመግብ ካሳየ፣ ዋናው ደም ቅዳ ሳይነካ ያችን ቅርንጫፍ ብቻ መያዝ ይቻላል። የቀረው ኩላሊት ደሙን እያገኘ ይቆያል። በጣሊያን ቱሪን የፍራንቼስኮ ፖርፒሊያ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመው ይህንኑ ነው፦ በዝርዝር የተሠራ ስሪዲ ለከባድ ዕጢዎች እንዲህ መርጦ መያዝን እንደሚያግዝ። በሮቦት የሚሠሩ ቦታዎች ምስሉ ከካሜራው ጎን በአንድ ስክሪን ይታያል። ሮቦት በሌለበትም ላፕቶፑን ማየት በሚመች ጥግ ማስቀመጥ ነው፤ በተከፈተ ቀዶ ሕክምናም ቢሆን ያገለግላል።

ውጤት እንደሚያሻሽል በጥናት ተረጋግጧል?

በከፊል። እ.ኤ.አ. በ2019 ጃማ ኔትወርክ ኦፕን በሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ ታካሚዎችን በዕጣ የመደበ ጥናት በስድስት የአሜሪካ ሆስፒታሎች 92 ሰዎችን አሳትፏል። ግማሽ ለሚያህሉት ቀዶ ሐኪሙ ስሪዲውን በስልክና በምናባዊ መነጽር አይቶ ገባ፤ ለቀሩት በተለመደው ምስል። የጉዳዮቹ ክብደትና ሌሎች ልዩነቶች በስሌት ከተስተካከሉ በኋላ ስሪዲ የታየላቸው የቀዶ ሰዓታቸው፣ የፈሰሰው ደም፣ ደም ቅዳቸው ተይዞ የቆየበት ጊዜና ሆስፒታል የቆዩበት ቀን አነስ ብሎ ተገኝቷል።

ካንሰሩ ከዓመታት በኋላ ይመለስ አይመለስ የሚለውን ግን ይህ ጥናት አይመልስም፤ 92 ሰውም ብዙ አይደለም። «ስሪዲ ካለ ካንሰሩ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ ቢያዩ ከማስረጃው በላይ እየተናገረ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ማሠራት ይቻላል?

ዋናው ግብዓት ባለ ብዙ ዙር ሲቲ ነው፤ እሱም በአዲስ አበባም በክልል ከተሞችም ይነሳል። ስሪዲ ስላይሰር የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ ይወርዳል፤ በደህና ላፕቶፕም ይሠራል። ሶፍትዌሩ ለምርምር የተሠራ እንጂ ለሕክምና ፈቃድ የተሰጠው ስላልሆነ ኃላፊነቱ በሚጠቀመው ሐኪም ላይ ነው። የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ ማሽን ሳይሆን ቁጭ ብሎ የሚቀባ ሰውና ለዚያ የሚከፈል ሰዓት ነው።

የኩላሊትን ደም ቅዳ በምስል ቆጥሮ መግባት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ከሕያው ሰው ኩላሊት ለመውሰድ ደግሞ ደም ቅዳዎቹን አስቀድሞ በምስል ማወቅ ግድ ነው። ያው ዓይን ለዕጢም ይሠራል።

ለሕፃን ልጅም ይጠቅማል?

ይጠቅማል፤ ይልቁንም ሁለቱም ኩላሊቶቹ ለታመሙ። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የኩላሊት ካንሰር ዊልምስ ሲሆን፣ ይህ ካንሰር ካለባቸው ከመቶ ሕፃናት ከ5 እስከ 7 በሚሆኑት ላይ በሁለቱም ጎን ይወጣል። ሁለቱንም ማውጣት ስለማይቻል ቅንጣት ታህል ኩላሊት ትፈለጋለች። እነዚህ ልጆች አስቀድመው ኬሞቴራፒ ይወስዳሉ፤ ዕጢው ሲሟሽሽ የደም ሥሮቹም ቦታ ይቀያየራል። ስለዚህ ስሪዲው ከኬሞ በኋላ ከተነሳው ምስል መሠራት አለበት። የቀድሞው ያማረ ቢሆንም አይጠቅምም።

ምስሉ ዕጢው ካንሰር መሆን አለመሆኑን ይናገራል?

አይናገርም። ከ4 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆኑ ዕጢዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ካንሰር ያልሆነ ነው። ስብ የበዛበትን ዓይነት ሲቲው ራሱ ሊለይ ይችላል፤ ኦንኮሳይቶማ የሚባለው ግን በቀለም ሲቀባም ካንሰር ይመስላል። ስሪዲ ላይ ዕጢው በቀይ ወይም በአረንጓዴ መቀባቱ የቀቢው ምርጫ ነው፤ «አረንጓዴ ስለሆነ ደህና ነው አይደል?» ብለው የሚጠይቁ አሉ።

ስሪዲው ሊሳሳት ይችላል?

ይችላል፤ ውበቱም ስህተቱን ይሸፍንለታል። ቀጭን ደም ቅዳ ካልተቀባ ስክሪኑ ላይ የለም፤ ሐኪሙም የለም ብሎ ሊገባ ይችላል። በዚህ ምክንያት ጥንቁቅ ሐኪም ስሪዲውን ከዋናው ሲቲ ጎን ከፍቶ ያመሳክራል። ሌላው ችግር አቀማመጥ ነው። ሲቲው ሲነሳ በጀርባዎ ተኝተው ትንፋሽዎን ይዘው ነበር፤ ቀዶ ሕክምናው ላይ በጎንዎ ይተኛሉ፣ በቀዳዳ ከተሠራም ሆድዎ በጋዝ ይነፋል፣ ኩላሊቱም ከዙሪያው ተላቆ ይገለበጣል። ቀዶ ሐኪሞች በመጨረሻ አልትራሳውንድ ኩላሊቱ ላይ አሳርፈው የዕጢውን ቦታ የሚያረጋግጡት ለዚህ ነው። ከኩላሊቱ ጋር የተጣበቀ ስብ ደግሞ ስሪዲው ላይ አይታይም፤ ሰዓት የሚበላው ግን እሱ ሊሆን ይችላል።

አንዱ ሐኪም ስሪዲ አይቶ «ኩላሊቱ ይተርፋል» አለኝ፤ ሌላው «በሙሉ ይውጣ» ይላል። ማንን ልመን?

ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። መልሱን የሚወስነው ዕጢው ብቻ ሳይሆን የሚሠራው እጅ፣ በቦታው ያለው ደምና ፅኑ ሕሙማን ክፍል፣ የሌላኛው ኩላሊትዎ ጤንነትና ዕድሜዎም ጭምር ነው። ሌላኛው ኩላሊቱ ፍጹም ጤነኛ ለሆነና ዕጢው መሐል ለተቀበረበት ሰው ሙሉውን ማውጣት የስንፍና ውሳኔ አይደለም፤ የደም መፍሰስና የሽንት መፍሰስ ችግሩ ያንሳል።

ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቅርቡ፦ እንዲህ ዓይነት ከፊል ቀዶ ሕክምና ደጋግመው ይሠራሉ? ደም ቅዳው ለስንት ደቂቃ ይያዛል ብለው ይገምታሉ? ሌላኛው ኩላሊቴ ብቻውን ይችላል? «ይተርፋል» ላለው ደግሞ አንድ ይጨምሩ፦ መሐል ላይ ካልሆነስ? ከፊል ተብሎ ተጀምሮ በሙሉ ማውጣት የሚያልቅ ቀዶ ሕክምና አለ። የሚፈርሙት የስምምነት ቅጽ ላይ ይህ ተጽፎ እንደሆነ፣ ካልተጻፈም በቃል ነግረዋችሁ እንደሆነ፣ አብሮዎት ካለው ቤተሰብ ጋር ሆነው ማደንዘዣው ከመሰጠቱ በፊት ያረጋግጡ።